ለመራጭ ፈተና ከተባለ አራሚው ማን ሊሆን ነው?

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች። ሰሞኑን ደብዳቤ ገፃችሁ ላይ አንድ አንባቢ «የመራጭነት ካርድ ከመሰጠቱ በፊት ሰው አጭር የስነ ዜጋ ፈተና ይፈተን፣ ያለፈ ይምረጥ፣ የወደቀ ይቅርበት» ብለው የፃፉትን አነበብኩ። እኛ ትምህርት ቤት ጋዜጣው ከእጅ እጅ ሲዞር ውሎ ሻይ ቤት ድረስ ተከትሎን ወጣ፣ የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው መምህር «እውነታቸውን እኮ ነው» አለ። እኔ እዚሁ ባህርዳር የሲቪክስ አስተማሪ ነኝ። እንዲህ አይነት ፈተና ቢመጣ በቲቶር ብቻ ቤት የምሰራው እኔ ነኝ፣ እና ጥቅሜን ትቼ እንደምፅፍ ይያዝልኝ።

መጀመሪያ ለሰውየው ፍትሃዊ እንሁን፣ ያነሱት ችግር ውሸት አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ልዩነታቸው ያልገባው መራጭ ሞልቷል፣ በምርጫ ቀን የሚሰጠው አንዱ ወረቀት ለፌዴራል አንዱ ለክልል መሆኑን ሳያውቅ ገብቶ የሚወጣ አለ፣ በቲሸርትና በኮፍያ የሚመርጥ አለ፣ የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ብቻ የሚመርጥም አለ። መምህራኑን ሁሉ ያሳመነቻቸው ግን «መኪና ለመንዳት እንኳን ቲዮሪ እንፈተናለን፣ አገር ለሚነዳ ግን ምንም» ያሏት ነገር ናት። ስታነባት ደስ ትላለች። ግን መራጭ እኮ ሹፌር አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው። ሹፌሩማ የሚመረጠው ሰውዬ ነው። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ለማለት ስለ ሞተር አሰራር አይጠየቅም፣ ገደል ከተገባም አብሮ የሚገባው እሱ ነው።

እስቲ ፈተናውን እኔው ላውጣው። ጥያቄ አንድ፣ ኢትዮጵያ ስንት ክልል አላት? ህገ መንግስቱን የሸመደደ ልጅ አንቀፅ 47ን ያስታውስና 9 ይላል። ዜና የሚሰማ ሰው ደግሞ 12 ይላል፣ ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፣ ከዛ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ መጡ። አንቀፁ ላይ የተፃፈው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ህዝቦች ክልል ዛሬ በዛ ስሙ የለም፣ ፅሁፉ ግን እንዳለ አለ። ታዲያ የቱ ነው ራይት የሚገባው? እኔ ክፍል ውስጥ ለሁለቱም ነጥብ እሰጣለሁ፣ ምክንያቱን እስከነገረኝ ድረስ። ቀበሌ ውስጥ ፈተና ወረቀት ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ እንደኔ ደግ እንደሚሆን ግን ማን ነው ዋስ የሚጠራልኝ? ያውም ይሄ በጣም ቀላሉ ጥያቄ ነው፣ ቁጥር ነው፣ ገና የመገንጠል መብት ያለበት አንቀፅ 39 ጋ አልደረስንም። እሱ ጋ ከደረስን አራሚውና ተፈታኙ ተያይዘው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድሩት።

ደግሞ ትምህርቱ ራሱን እዩት። በጃንሆይ ጊዜ ግብረ ገብ ነበር፣ ንጉስን ማክበር ዋናው ነገር ነው። ደርግ መጣና የፖለቲካ ትምህርት ተብሎ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ሆነ። ኢህአዴግ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ብሎ 11 እሴቶችን አመጣ፣ ከህግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና እውቀትን መሻት ድረስ፣ በዛ ዘመን የተማረ ሰው ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ዛሬም ይዘረዝራቸዋል (መዘርዘሩን ነው ያልኩት)። አሁን ደግሞ በአዲሱ ስርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት ተብሏል። እና በ1975 አስር ከአስር የሚያሰጥ መልስ በ1990 ዜሮ ነው፣ በ1960 ድፍን የነበረው በ1975 ጣጣ ያመጣ ነበር። የሰማንያ አመት አዛውንት እነዚህን ሁሉ መንግስታት በትከሻቸው አሳልፈው ዛሬ መጥተው በየትኛው ደብተር ነው የሚፈተኑት? ስልጣን ላይ ያለው አካል ፈተናውን ካወጣ እሱን የሚመርጡትን ሰዎች እሱ ራሱ መረጠ ማለት እኮ ነው፣ ሌላ ምንም ትርጉም የለውም። «ገለልተኛ አካል ያውጣው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ አንድ ሁሉም ወገን ገለልተኛ ነው ብሎ የተስማማበት አካል ጥሩልኝና እንቀጥላለን።

ይሄ ነገር ደግሞ ያልተሞከረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የደቡብ ግዛቶች አስርት አመታት ሙሉ ሰርተውበታል። ሚሲሲፒ በፈረንጆች 1890 ባወጣችው ህገ መንግስት መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ከህገ መንግስቱ አንድ ክፍል ማንበብ ወይ ሲነበብ ሰምቶ ማብራራት ተጠየቀ፣ ማብራሪያው በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው መዝጋቢው ብቻ ነው። ነጭ ሲመጣ አንድ መስመር ቀላል አንቀፅ፣ ጥቁር ሲመጣ መዝጋቢው ራሱ የማይገባው አንቀፅ። ዲግሪ ያላቸው ጥቁር መምህራን ሳይቀሩ ወደቁ ተባሉ። በ1965 የምርጫ መብት ህጉ ወጥቶ ፈተናው እስኪታገድ ድረስ ሚሲሲፒ ውስጥ ለመምረጥ የተመዘገበው ጥቁር ከ7 በመቶ በታች ነበር፣ በ1967 ግን 60 በመቶ ገደማ ደረሰ። ህዝቡ በሁለት አመት ውስጥ ሲቪክስ አጥንቶ ጎበዝ ሆኖ አይደለም፣ አራሚው ከፊቱ ስለተነሳ ነው።

«እኛ ጋ እንደዛ አይሆንም» የምትሉ፣ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይፍረደኝ።

ወደ ፈተና ጉዳይ ከገባን ደግሞ እኛ አገር ፈተና እንዴት እንደሆነ እንነጋገር። በ2008 የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና ወጥቶ ሶሻል ሚዲያውን ሲያጥለቀልቀው ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና ነው የተሰጠው። ስርቆቱና መኮራረጁ አላቆም ሲል ከ2014 ጀምሮ ተማሪዎች ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀመሩ፣ እዚህ ባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢ ፍራሽ ተሸክመው ሲገቡ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እና በዛ ጥበቃ መሃል ሆነው ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። እነዚህ እኮ አስራ ሁለት አመት ደብተር ይዘው የተመላለሱ ልጆች ናቸው! እንግዲህ ለመራጭም ማለፊያው 50 ይሁን ብንል አገሪቱን ለስንት ሰው እንደምናስረክባት አስሉት። ወይ ደግሞ ማለፊያውን ዝቅ እናድርገው ካልን ፈተናው ለምን ተፈለገ፣ መልሱ ቴሌግራም ላይ በሃምሳ ብር ይሸጣል፣ ካድሬው ለደጋፊዎቹ አስቀድሞ ያድላል፣ የሚወድቀው ስልክ የሌለው ሰው ብቻ ነው። በዛ ላይ በ2013 ያለምንም ፈተና እንኳን የመራጮች ምዝገባው ሰው አልመጣ ብሎ ቀኑ ተራዝሟል፣ ፈተና ተጨምሮበት ማን ሊመጣ ነው?

ስለ እኛ ክልል ግን ለየት አድርጌ አንድ ነገር ልበል። በአማራ ክልሉ ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ አመት መጥቶ አመት ሲሄድ ቤት የዋሉ ልጆች አሉ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ወንበሩ ማገዶ ሆኗል። እነዚህ ልጆች 18 ይሞላቸዋል፣ አንዳንዶቹም ሞልቷቸዋል። ትምህርት ቤት ከፍቶ ማስተማር ያልቻለ መንግስት ነገ ዞሮ «አልተማርክምና አትመርጥም» ሊላቸው ነው ማለት ነው። ይሄንን ስል ሻይ ቤት ውስጥ ከመምህራኑ አንዱ ዝም አለ፣ ሌላው ግን «እነሱማ ይለዩ፣ ልዩ ሁኔታ ይደረግላቸዋል» አለኝ። ልዩ ሁኔታ እየተባለ የተጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ የሲቪክስ መምህር ሆኖ አለማወቁ ነው የገረመኝ።

ሐይቁ ዳር ውረዱና ደግሞ ስለ እውቀት እናውራ። እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ሲስፋፋ መጀመሪያ ያየው ማነው? መረቡ አልጎተት ያለው አሳ አስጋሪ ነው፣ ከብቶቹ የሚግጡበት ዳርቻ የተዋጠበት የፎገራና የደምቢያ ገበሬ ነው። ስንት ስብሰባ ተደርጎ፣ ስንት ወረቀት ቀርቦ፣ ማሽን መጣ ተብሎ ተጨብጭቦ፣ በስተመጨረሻ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የነበረው ያው ገበሬ ነው። ይሄ ሰው «ሶስቱን የመንግስት አካላት ዘርዝር» ቢባል ላይመልስ ይችላል። የትኛው ሃላፊ መጥቶ ፎቶ ተነስቶ እንደሄደና የትኛው እንደሰራ ግን ከኔም ከናንተም በላይ ያውቃል፣ ምርጫ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ይሄኛው እውቀት ነው። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ የዘር ወቅት ሲያልፍበት አቤት ለማለት ባህርዳር ድረስ የመጣው ገበሬም እንደዛው። ስለ ማዳበሪያ ግዥ ስርዓት ፅሁፍ አላቀረበም፣ ማዳበሪያ አለመኖሩን ግን ከማንም ቀድሞ አውቋል።

ነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን አስቡ እስቲ። ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሰሩት፣ ከጣና ጋር ከማንም በላይ የተቆራኙት እነሱ ናቸው። በትምህርት ወደ ኋላ እንዲቀሩ የተደረጉትም እነሱ ናቸው፣ ሐይቁ ዳር ልማት ምናምን ሲባል መጀመሪያ ተነሱ የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ፈተና ቢመጣ ሊስቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው የማን ስም እንደሆነ ለመገመት ነብይ መሆን አያስፈልግም። ከዛ በኋላ ተመራጩ ለምን ብሎ ወደ እነሱ መንደር ይወርዳል? ድምፅ የሌለበት ሰፈር መንገድም ውሃም አይደርስም፣ ድምፅ እያላቸውም ስንት ያልደረሰ ነገር አለ። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ያለውም ሰው ያው ነው፣ ኮሮጆው በጀልባ የሚደርሰው እዛ ያለው ሰው ድምፁ ስለሚፈለግ ነው፣ ድምፁ ካልተፈለገ ጀልባውም ይቀራል።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስኩ፣ እስካሁን ያልኩትን ብትቆርጡት እንኳን ይሄንን አትቁረጡብኝ። ሰውየው «ህዝቡ ስለማያውቅ ነው ምርጫ የሚበላሸው» ነው የሚሉት። እኔ የምለው ተገልብጦ ነው፣ ምርጫ ስለሚበላሽ ነው ህዝቡ የማያውቀው። የ1997ን ምርጫ የምታስታውሱ አስታውሱ። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰው ከስራ ወጥቶ በሩጫ ነበር ቤቱ የሚገባው፣ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ይሄዳል፣ ጠላ ቤት ውስጥ ስለ መሬት ፖሊሲ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሸጥ ይለወጥ በሚለውና አይሸጥም በሚለው ጎራ ለይተው፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ስለ ባህር በር፣ ታክሲ ላይ ስለ ፌዴራሊዝም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የትኛው ፓርቲ ስለ ማዳበሪያ እዳ ምን እንዳለ ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። ማን አስተማራቸው? ሲቪክስ መምህር አይደለም፣ ያኔ የሰጠሁት ድምፅ አንድ ነገር ይቀይራል ብለው ስላመኑ ነው። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ለማወቅ ማንም አይጎተጉተውም።

ከዛ ምን ሆነ? ከዛ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ አልገባበትም። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ ኢህአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ፣ በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር ሁሉንም። እንግዲህ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ ላይ የእጩዎችን ፕሮግራም የሚያጠና ሰው ካለ እሱ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ተማሪዎቼም እንደዛ ናቸው፣ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ማስታወሻ አይፅፉም፣ ለምን ይፃፉ? እና ህዝቡ አስር አስራ አምስት አመት ምርጫን ለማወቅ ምንም ምክንያት አጥቶ ከኖረ በኋላ «አታውቅምና ውጣ» ማለት ጉዳት ላይ ስድብ ነው። መጀመሪያ የሚያጓጓ ምርጫ ስጡት፣ ከዛ አወቀ አላወቀም በሉት።

«ያልተማረ ሰው ይምረጥ» ማለት ደግሞ የኔ አዲስ ግኝት አይደለም። ጃንሆይ እንኳን በ1948 በተሻሻለው ህገ መንግስት 21 አመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ የመምረጥ መብት ሲሰጡና ከዛም የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ መራጩን ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፣ ንብረት አለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀው ተመራጩ ነው (እሱም የባላባት ዘዴ ነበር፣ እሱን ሌላ ቀን)። ያኔ ህዝባችን በአብዛኛው ማንበብ አይችልም፣ መሰረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣው በ1971 ነው። ህንድም ነፃ ወጥታ በኛ 1944 የመጀመሪያውን ትልቅ ምርጫ ስታደርግ አብዛኛው ዜጋዋ ማንበብ የማይችል ነበር፣ ሰዉን አስቀርተው የተማረውን ብቻ አላስመረጡም፣ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉለት እንጂ። እኛም ንብ፣ አምፖል እያልን በምልክት ስንመርጥ የኖርነው ለዚህ ነው። ብራዚል በተቃራኒው ማንበብ የማይችለውን እስከ ፈረንጆች 1985 ድረስ ከምርጫ አግዳ ኖራለች፣ የታገደው ማነው ብትሉ ደሃውና ጥቁሩ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

ህጉን በተመለከተ ባጭሩ። የህገ መንግስቱ አንቀፅ 38 ማንኛውም ዜጋ ያለ ልዩነት፣ 18 አመት ሲሞላው በህግ መሰረት የመምረጥ መብት አለው ይላል። ይሄ ምዕራፍ ሶስት ውስጥ ያለ መብት ስለሆነ ለማሻሻል አንቀፅ 105 የሚጠይቀው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሶስተኛ ድምፅ እንዲያፀድቁት ነው። ሁሉም ክልሎች! በአንድ የበዓል ቀን እንኳን ተስማምተው አያውቁም። ስለዚህ ሀሳቡ ነገ ተነገወዲያ ይፀድቃል ብዬ እየሰጋሁ አይደለም። የምሰጋው ሀሳቡ በተማረው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲቀመጥ ነው፣ ምክንያቱም መምህሩ፣ ባንክ ቤት ሰራተኛው፣ የጤና ባለሙያው «የገበሬው ድምፅ ድምፅ አይደለም» ብሎ ካመነ የገበሬው ድምፅ ሲሰረቅ ዝም ይላል፣ «ድሮም አያውቅም ነበር» ይላል። አንዳንዱ እኮ አሁንም እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ሰው ይወቅ ካልን የሚታወቅበት መንገድ ሞልቷል። የመራጮች ትምህርት የሚባለው ነገር ምርጫው ሊደርስ ሲል በድምፅ ማጉያ መኪና እየዞረ «ካርድዎን ይዘው ይውጡ» የሚል ጩኸት ሆኖ ቀርቷል፣ ያ ትምህርት አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። እድር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይውላል፣ ማህበር አለ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ሬዲዮ አለ። ሁለት እጩዎችን አንድ የእድር ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ሴቶቹ እንዲጠይቋቸው ማድረግ ብቻ ከመቶ ጥያቄ ፈተና ይበልጣል፣ ዋናው ግን ጠያቂው አስቀድሞ ተመርጦ የተዘጋጀ እንዳይሆን ነው፣ እጩው ሲጠየቅ ላብ ሊያጠምቀው ይገባል።

እናንተም ጋዜጠኞቹ ስራ አላችሁ። እኔ አንቀፅ 12ን ሳስተምር ህዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል የሚለውን እነግራቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር የኛ ተመራጭ ግን ማነው?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል፣ የሚያውቅ የለም፣ የት እንደሚጠየቅም የሚያውቅ የለም። እስቲ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የአንድ የአንድ ምርጫ ክልል ተወካይ ስም፣ ፓርላማ ውስጥ ምን እንደተናገረ፣ መራጮቹን መጨረሻ ያነጋገረው መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው አዋጅ ላይ እጁን እንዳወጣ እየለቀማችሁ አንድ አምድ ስጡት። መልስ አልሰጥም ያለ ካለም «መልስ አልሰጡም» ብላችሁ አትሙት። ከባህርዳር ጀምሩልኝ፣ ጋዜጣውን ክፍል ይዤ እገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሲቪክስ መምህር፣ ከባህርዳር